አራት ጣት አየር

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ቀሰቀሰኝና፣ በዚያው ሳምንት ያስተከልኩት አዲሱ ሮቶ ሲሞላ ልይ ብዬ ጃንጥላና የእጅ ባትሪ ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። አሸንዳው ጢም ብሎ ይወርዳል፤ ወደ ሮቶው የሚገባው ቱቦ ያጓራል። ሮቶው 5,000 ሊትር የሚይዝ ነው። የሌሊቱን ዝናብ ሁሉ ይውጠዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ጠብታ አላስቀረም፤ በአንድ በኩል የገባው በሌላ በኩል፣ በትርፍ ውሃ መውጫው፣ ወደ ቦዩ ይፈስሳል። ክዳኑን ከፍቼ ባትሪውን ሳበራበት ውሃው አፉ ድረስ ደርሷል። የሞላው ግን በሰማይ ውሃ አልነበረም። ከትናንት ወዲያ በፈረቃ የመጣው የቧንቧ ውሃ ነው። ቆጣሪ ቆጥሮ ያስገባልኝን ታቅፌ፣ በነፃ የመጣውን ለጎርፍ እሰጣለሁ።

በማግስቱ የቧንቧ ሠራተኛውን ጠራሁት። "ጋሼ፣ ሮቶው እንዲሞላ አይደል የፈለጉት? ይኸው ሞልቶልዎታል!" አለኝ፣ ከልቡ ተገርሞ። አልፈረድኩበትም። አዲስ አበባ ውስጥ ሮቶ ማለት ፈረቃ ሲመጣ ጠጥቶ፣ ውሃ ሲጠፋ የሚያጠጣ ዕቃ ነው፤ ፍሎተሩ፣ ያ ከውሃው ጋር ወጥቶ የሚወርደው ኳስ፣ ሁልጊዜ ከክዳኑ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ይገጠማል። እሱም የለመደውን አደረገ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ሁለት ውሃ ወደ አንድ ዕቃ ሲገባ የትኛው እንደሚቀድም፣ የትኛው ተራ እንደሚጠብቅ፣ እንዴትስ እንደማይነካኩ ሳልወስን ቱቦ አስቀጠልኩ። ይህ ምዕራፍ ስለ ፓምፕ ነው፤ ከፓምፑ በፊት ግን ስለዚህ መጋጠሚያ መነጋገር አለብን።

ሒሳቡን እንሥራው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ይሆናል። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች። 80 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት፣ የሚረጨውን፣ የሚተነውንና ጣሪያ አጥቦ የሚደፋውን አንድ አምስተኛ ብለን ብንቀንስ እንኳ፣ በዓመት ከ75,000 ሊትር በላይ ይሰበስባል። ይህን ቁጥር የሰማ ሁሉ ዓይኑ ይበራል። ነገር ግን ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ተከፋፍሎ አይወርድም። ሐምሌና ነሐሴ እያንዳንዳቸው 250 ሚሊ ሜትር ገደማ ያወርዳሉ፤ ይህ ከዚያ ጣሪያ በወር 16,000 ሊትር ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ግን ጣሪያው የሚሰበስበው አቧራ ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለሽንት ቤት፣ ለልብስ፣ ለወለልና ለአትክልት በቀን 250 ሊትር ቢያወጣ በወር 7,500 ሊትር ይሆናል። ክረምት ላይ ሰማዩ ከሚያስፈልገን እጥፍ ይሰጠናል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ግን የሞላ ሮቶ የሚያቆየን 20 ቀን ነው። ጥቅምት ሳያልቅ ሮቶው ደረቅ ነው፤ ከዚያ እስከ ሰኔ፣ በልጉ አልፎ አልፎ ከሚያግዘን በቀር፣ ቤቱን የሚይዘው የቧንቧው ውሃ ነው። መጠባበቂያ ብለን የምንጠራው ከዋናው የበለጠ ወራት ይሠራል። በመጨረሻ ሰዓት፣ ሥራው ካለቀ በኋላ፣ እንደ ቅጥያ የሚገጠም ነገር ሊሆን አይገባም።

ገበያ ላይ ይህን ጉዳይ በአንድ ዕቃ የሚጨርስ መሣሪያ አለ። አውስትራሊያ ውስጥ፣ ሲድኒ በምትገኝበት በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት፣ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከቧንቧ የሚወስደውን ውሃ በምን እንደሚቀንስ በዕቅዱ ላይ ማሳየት ይጠበቅበታል። ብዙዎች ይህን የሚወጡት ጓሮ ላይ የዝናብ ሮቶ ተክለው፣ በፓምፕ ለሽንት ቤትና ለልብስ ማጠቢያ በመስጠት ነው። ለዚህ የተሠራው ማቀያየሪያ ከፓምፑ መውጫ ላይ ይገጠማል። በአንድ ጎኑ የዝናቡ ውሃ፣ በሌላው የከተማው መስመር ይገባበታል። ሮቶው ውሃ ካለው ፓምፑ ይገፋል፣ መስመሩም ይዘጋል፤ ሮቶው ሲያልቅ ወይም መብራት ሲጠፋ የከተማው ውሃ በራሱ ግፊት ያልፋል። የቤቱ ሰው ለውጡን እንኳ አያውቀውም። በቦታው ጥሩ ዕቃ ነው።

እዚህ ግን የቆመበት መሠረት የለም። መሣሪያው የተሠራው የከተማው መስመር ሌት ተቀን ግፊት አለው ብሎ አምኖ ነው። የኛ መስመር ፈረቃ ነው። ሮቶው ባለቀበት ሰዓት መስመሩም ባዶ ከሆነ መሣሪያው ከባዶ ወደ ባዶ ያቀያይራል። ይህ ቀላሉ ችግር ነው። ከባዱ፣ ግፊት ያጣ መስመር ዝም ብሎ ባዶ ሆኖ አለመቀመጡ ነው። ይስባል።

አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ከእንጦጦ ግርጌ ተነሥታ ወደ አቃቂ ትወርዳለች። ውሃው ከምንጩ ሲቋረጥ ቱቦ ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ ታች ይሄዳል፤ ታች ያለ አንድ ሰው ቧንቧውን ከፍቶ ከተወው የላይኛው ሰፈር ቱቦ ውስጥ ያለው ውሃ ወደዚያ ይወርዳል። ውሃው ሲወርድ ከኋላው የሚተወውን ባዶ ቦታ አንድ ነገር መሙላት አለበት። በየቤቱ ያለ ክፍት አፍ ሁሉ፣ መሬት ውስጥ ያለች ስንጥቅ ሁሉ፣ ያንን ክፍተት ለመሙላት ያገኘችውን ታስገባለች። ከመኪና ነዳጅ በጎማ ስቦ የሚያወጣ ሰው ያየ ይህን ያውቀዋል፤ አንዴ ከሳበው በኋላ አፉን ቢያነሣም ጎማው ራሱ መቅዳቱን ይቀጥላል።

እኔ ይህን በዓይኔ ያየሁት እናቴ ቤት ነው። ባልዲ ውስጥ በኦሞ የተዘፈዘፈ ልብስ አለ፤ ከግቢው ቧንቧ የተሳበው ጎማ ባልዲው ውስጥ ተነክሮ ውሃ እየጨመረ ነበር። ውሃው ሄደ። ጎማውን ማንም አላነሣውም፣ ቧንቧውንም ማንም አልዘጋውም። ትንሽ ቆይተን ስንመለስ ባልዲው ተጋምሷል፤ ዳር ዳሩ ላይ የአረፋው ምልክት ብቻ ቀርቷል። በሦስተኛው ቀን ውሃ ሲመጣ እናቴ ለቡና ብላ ጀበና ስትሞላ ውሃው አረፋ አወጣ። አንድ ጎማ፣ አንድ ባልዲ። ጎማው የተነከረው የርግብ ኩስ ከጣሪያ እያጠበ በሚገባበት ሮቶ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ምልክት የሚሰጠን አረፋ እንኳ አይኖርም ነበር።

ይህ የኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። በ1933 እ.ኤ.አ. ቺካጎ የዓለም ኤግዚቢሽን ስታስተናግድ፣ ሁለት ሆቴሎች ውስጥ ንጹሑ ውሃና የቆሻሻው መስመር በተበላሸ የቧንቧ ሥራ ተገናኝተው፣ እኛ አሳምረን የምናውቀው አሜባ ከ1,400 በላይ ሰዎችን አሳመመ፤ ወደ 100 የሚጠጉትም ሞቱ። እንግዶቹ ወደየከተማቸው ከተበተኑ በኋላ ስለታመሙ ምንጩን ፈልጎ ማግኘት ብዙ ጊዜ ወሰደ። በሽታው የመጣው በታላላቅ ሆቴሎች ቧንቧ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ፈረቃ ሲመጣ ግፊቱ አነሰ ብለው ፓምፕ በቀጥታ ከከተማው መስመር ላይ የሚቀጥሉ አሉ። እለምናችኋለሁ፣ ይህን አታድርጉ። ያ ፓምፕ የጎረቤትን ውሃ ይቀማል፤ ይህ አንዱ ነው። ሌላው፣ መስመሩን ራሱ ወደ መሳቢያ ጎማ ይለውጠዋል፤ በመንገዱ ላይ ያለ የተሰነጠቀ መገጣጠሚያ ሁሉ ከቦዩና ከፍሳሹ ያገኘውን ወደ ውስጥ ያስገባል። ያን ውሃ የሚጠጣው የፓምፑ ባለቤት ብቻ አይደለም፤ ከእሱ በታች ያሉት ሕፃናትም ናቸው። ፓምፕ የሚስበው ከሮቶ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ውሃ የሚለየው ምንድን ነው? ብዙ ባለሙያ "ቼክ ቫልቭ እናስገባበት" ይላል፤ ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፤ እኔም ሌላ ቦታ ላይ እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ውስጡ ያለው ስፕሪንግና ጎማ ነው። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከንፈሩ ላይ ብትቀመጥ አይገጥምም፤ አለመግጠሙን ደግሞ ከውጭ የሚያሳይ ነገር የለውም። የማይበላሽ፣ የማይዝግ፣ መለዋወጫ የማያስፈልገው መለያ አንድ ብቻ ነው፤ አየር። ከከተማው ውሃ የሚመጣው ቱቦ አፍና የዝናቡ ውሃ ሊደርስበት በሚችለው ከፍተኛ ቦታ መካከል ባዶ አየር ካለ፣ መስመሩ የፈለገውን ያህል ቢስብ የሚያገኘው አየር ነው። ደንቡ፣ ክፍተቱ ከቱቦው የውስጥ ስፋት ሁለት እጥፍ እንዲሆን፣ በምንም መንገድ ደግሞ ከ2 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ ነው። ለተለመደው ባለ ሦስት አራተኛ ኢንች ቱቦ 4 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። እኔ ግን ለሠራተኞቼ "አራት ጣት" ነው የምላቸው። አራት ጣት ገጥሞ ሲለካ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሜትር የጠፋበት ሰው እጁ አይጠፋበትም።

ይህን ክፍተት ሮቶው ውስጥ፣ ከክዳኑ ሥር መሥራት ይቻላል። እኔ አልወደውም። የትርፍ ውሃ መውጫው በቅጠል ቢደፈን ውሃው ወደ ላይ ወጥቶ የቱቦውን አፍ ይውጠዋል፤ ክዳኑ ስለተዘጋም የሚያይ የለም። የኔ መንገድ ክፍተቱን ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ከ4 ኢንች ወደ 2 ኢንች የሚያጠብ ፒቪሲ ሪዱሰር ይገዛና ሰፊው አፉ ወደ ላይ ሆኖ ሮቶው አናት ላይ ይተከላል፤ ጠባቡ ወደ ውስጥ ይገባል። ከከተማው ውሃ የሚመጣው ቱቦ ከዚያ ሰፊ አፍ በላይ አራት ጣት ከፍ ብሎ፣ አፉን ወደ ታች ደፍቶ ይቆማል። ውሃው በአየር ላይ ወርዶ ሪዱሰሩ ውስጥ ይገባል። ከታች ቢደፈን በሪዱሰሩ አፍ ሞልቶ በሮቶው ጎን ይፈስሳል እንጂ ቱቦውን አይነካም። ግቢ ውስጥ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። አፉ ላይ ወንፊት ማሰር አይረሳ።

አሁን ወደ ሐምሌው ሌሊት ስሕተቴ እንመለስ። የቱቦው አፍ ከላይ ይሁን፤ ውሃው እንዲመጣ የሚያዝዘው ግን ከታች መሆን አለበት። የዝናብ ሮቶው ሊያልቅ ሲል ብቻ ትንሽ ይጨመርለት፣ የቀረው ሆዱ ለዝናብ ባዶውን ይቆይ። ይህን የሚያደርገው በኤሌክትሪክ ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ፍሎተር ነው። የኔ የተንጠለጠለው ውሃው ከመሬቱ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ እንዲያዝዝ፣ 50 ሲሞላ እንዲያቆም ነው። በኔ ሮቶ ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር 250 ሊትር ያህል ስለሆነ፣ በአንድ ትእዛዝ የሚገባው 500 ሊትር፣ የሁለት ቀን ወጪ ነው። ነገ ዝናብ ቢመጣ ከ3,750 ሊትር ያላነሰ ቦታ ይጠብቀዋል።

ትእዛዙን ተቀብሎ የሚከፍተው ሶሌኖይድ ቫልቭ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ይከፈታል፣ ሲቋረጥበት ይዘጋል። መብራት ቢጠፋ ተዘግቶ ይቀራል፤ ያኔ ፓምፑም ስለማይሠራ ጉዳት የለውም። ውሃ አጠገብ ስለሚቀመጥ በ220 ቮልት የሚሠራውን ትተው ባለ 12 ወይም ባለ 24 ቮልቱን ይግዙ።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ስሕተት ሠራሁ። ፈረቃ ስለሆነ መጠባበቂያውን የማገናኘው ከመስመሩ ጋር በቀጥታ አይደለም፤ በብረት ማማ ላይ ከተቀመጠው ከሌላው ሮቶ ነው። እሱ 2,000 ሊትር ይይዛል፣ ፈረቃ ሲመጣ በራሱ ፍሎተር ይሞላል፣ ማዕድ ቤቱንም እሱ ነው የሚያጠጣው። ሶሌኖይዱን ከእሱ በሚወርደው ቱቦ ላይ ገጠምን። ፍሎተሩ አዘዘ፤ ቫልቩ "ጠቅ" አለ፤ ውሃ ግን የለም። ደጋግመን ሞከርን፤ ጠቅ ይላል፣ ጠብ አይልም። ፈትተን አጠብነው፣ ያው ነው። ማታ ላይ በመነጽር የዕቃውን ጽሑፍ ሳነብ ነገሩ ተገለጠልኝ። ርካሹ ሶሌኖይድ በኤሌክትሪክ የሚከፍተው ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ዋናውን በር የሚያነሣው የውሃው ግፊት ራሱ ነው። ለዚያ ቢያንስ 0.3 ወይም 0.5 ባር ይፈልጋል። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ይሰጣል፤ ከኔ ማማ የሚወርደው ውሃ ግን ከቫልቩ በላይ ያለው 2 ሜትር፣ 0.2 ባር ብቻ ነው። በሩን ለማንሣት አቅም የለውም። በማግስቱ "ከ0 ባር ጀምሮ" የሚል የተጻፈበትን ገዛሁ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ሥራውን ግን ሠራ። ሮቶ በማማ ላይ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ሶሌኖይድ ሲገዛ ይህን ጽሑፍ ሳያይ ገንዘብ አይክፈል።

ሌላም ነገር አለ። የመጠባበቂያው መውጫ ከማማው ሮቶ ሥር ሳይሆን ከወገቡ ላይ ይውጣ። ከሥር ከወጣ ሽንት ቤቱ የማዕድ ቤቱን ውሃ ጠብታ ሳያስቀር ይጨርሰዋል። ከወገቡ ሲወጣ የላይኛው 1,000 ሊትር ለሁለቱም፣ የታችኛው 1,000 ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ይሆናል። ፈረቃው ሲዘገይ የዚህን ጥቅም የቤት እመቤቶች ከኔ በላይ ያውቁታል።

ፓምፑ ራሱ ከዚህ ሁሉ ይቀላል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ፓምፕ ውሃ ይስባል እንላለን እንጂ በእርግጥ የሚገፋው አየር ነው። ፓምፑ ቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት ይቀንሳል፤ ከውጭ ውሃው ላይ የተጫነው አየር ደግሞ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። በባሕር ወለል ላይ ያለ አየር ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያወጣል። እኛ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ አየራችን ስስ ነው፤ 7.7 ሜትር ላይ አቅሙ ያልቃል። በፓምፑ ካርቶን ላይ "8 ሜትር ይስባል" የሚለው ለጂቡቲ ወደብ እውነት ሊሆን ይችላል። ለቦሌም ለጉለሌም ግን ሁለት ሜትር ተኩል ይቀነስበት፤ የቱቦው መጋፋትም አለ፤ 5 ሜትር ካገኙ ጥሩ ነው። መሬት ውስጥ ገንዳ ቆፍረው ፓምፑን ሰገነት ላይ ያስቀመጡ ሰዎች "ፓምፑ ተበላሽቶ መጣ" ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። የተበላሸው ቦታው ነው። ፓምፑ ከሮቶው አጠገብ፣ ከውሃው ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ያኔ ምንም አይስብም፣ ውሃው ራሱ ይመጣለታል። ሞተሩም ስስ አየር ውስጥ በደንብ አይቀዘቅዝም፤ አብዛኛው ሞተር የተሠራው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። ጥላ ያግኝ፣ ንፋስ ያግኝ። በቆርቆሮ ሣጥን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ማፈን ነው።

ስለ ጉልበቱ ብዙ አልልም። ለአንድ ተራ ቤት ግማሽ ፈረስ ጉልበት በቂ ነው። ይልቅ ዓይነቱን ይጠይቁ። ትንንሾቹ ርካሽ ፓምፖች ውስጣቸው ያለው የነሐስ መዘውር ከግድግዳው ጋር በጣም ተጠጋግቶ ነው የሚዞረው፤ ግፊት ይሰጣሉ፣ አሸዋ ግን አይችሉም። የጣሪያ ውሃ ደግሞ ደቃቅ አሸዋ አያጣም። ሰፋ ያለ መዘውር ያለው ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ለዚህ ሥራ ይሻላል።

ፓምፑ ውሃ ሳይኖር እንዳይዞር ሁለተኛ ፍሎተር ያስፈልጋል፤ ደረቁን ከዞረ ዘንጉ ላይ ያለው ማኅተም በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ቁመቱ ላይ ይጠንቀቁ። መጠባበቂያው 30 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያዝዝ ከሆነ ፓምፑ የሚቆመው 15 ላይ ይሁን። ቦታ ከተለዋወጡ ፓምፑ 30 ላይ ይቆማል፣ ውሃው ከዚያ አይወርድም፣ መጠባበቂያውም የሚጠራው አያገኝም። ማማው ላይ 2,000 ሊትር ተቀምጦ ሽንት ቤቱ ደረቅ ይሆናል።

ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ፓምፑ እንዳይነሣ የሚያደርገው ፕሬዠር ታንክ ነው፤ ውስጡ የጎማ ከረጢት አለ፣ በከረጢቱ ዙሪያ የታመቀ አየር። ባለ 24 ሊትሩ የተለመደ ነው። ፓምፑ 1.4 ባር ላይ ተነሥቶ 2.8 ላይ እንዲያቆም ሲስተካከል፣ ከ24ቱ ሊትር በመካከል የሚወጣው 8 ያህሉ ነው፤ አንድ የሽንት ቤት ፍላሽ እንደማለት። አየሩ 1.2 ባር መሆን አለበት፤ የሚለካው ታንኩ ውሃ ሳይኖረው፣ በመኪና ጎማ መለኪያ ነው። አየሩ ቀስ በቀስ ያመልጣል። ካለቀ ፓምፑ ጥርሱን እንደሚያንቀጫቅጭ ሰው በየሰከንዱ ይነሣል ይቆማል። ያን ድምፅ የሰሙ ቀን ሳይውሉ ሳያድሩ ጎማ ቤት ይሂዱ፤ መድኃኒቱ ጥቂት አየር ነው፣ ከተተወ ግን ሞተር ያቃጥላል። ሌሊት ማንም ሳይነካው በየሰዓቱ ትንሽ እየተነሣ የሚያርፍ ፓምፕ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚናገረው፤ የሆነ ቦታ የሚያንጠባጥብ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜም የሽንት ቤቱ ሣጥን ነው።

ኤሌክትሪኩን ለኤሌክትሪሺያን ይስጡ። ሦስት ነገር ግን ራስዎ ይጠይቁ፤ ፓምፑ የራሱ ብሬከር አለው ወይ? የመሬት ሽቦው በእርግጥ መሬት ገብቷል ወይ? ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ማፍሰስ ሲጀምር በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ተገጥሟል ወይ? እርጥብ እጅ የሚነካው ዕቃ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፕ ብረት ነውና፣ ከሮቶው ሥር አንድ ተራ የእጅ ቧንቧ ያስተክሉ፤ ባልዲ ሞልቶ ሽንት ቤት መድፋት ማንንም አይገድልም።

የጣሪያውን ወገን እናቴ ከማንም መጽሐፍ አስቀድማ አስተምራኛለች። ጠፈጠፉ ሥር በርሜል የምታስቀምጠው ዝናቡ ትንሽ ከወረደ በኋላ ነበር፤ "ቆርቆሮው ይጠብበት" ትላለች። ጳጉሜን 3 ቀን፣ የሩፋኤል ዕለት ግን አትጠብቅም፤ የዚያን ቀን ዝናብ በረከት ነውና ልጆቿን ሁሉ ወደ ውጭ ትሰድ ነበር። ዛሬ "ይጠብበት" ያለችውን የሚሠራው ከአሸንዳው በኋላ የሚቀጠል፣ የመጀመሪያውን ውሃ ለብቻው የሚያስቀር ዕቃ ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር ግማሽ ሊትር ይበቃል፤ ለ80 ካሬ ሜትር 40 ሊትር፣ ሁለት ጀሪካን። ከሥሩ ቀስ እያለ የሚያንጠባጥብ ቀዳዳ ይኑረው፣ ለሚቀጥለው ዝናብ ባዶ ሆኖ እንዲጠብቅ። ወንፊቱን ደግሞ እንደ ቀላል አይዩት። ድሬዳዋ በ2013 እ.ኤ.አ. በደንጊ፣ በ2019 ደግሞ በቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ተጠቅታለች፤ የሁለቱም አስተላላፊ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በየቤቱ በተጠራቀመ ውሃ ነው። ቆላ ያለ ቤት ወንፊቱ ደቃቅ፣ የሁሉም ቱቦ አፍ የታሰረ ይሁን።

ከፓምፑ የሚወጣው ውሃ ለሽንት ቤት፣ ለልብስ፣ ለወለልና ለአትክልት ነው። ቱቦው ከማዕድ ቤቱ ቱቦ የተለየ ቀለም ይቀባ፣ የግቢው ቧንቧ ላይም "ለመጠጥ አይሆንም" የሚል ይጻፍ፤ ዛሬ የቱ የቱ እንደሆነ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ግድግዳውን የሚቆፍረው ሰው አያውቅም። ጨንቆ ከተጠጣ መፍላት አለበት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ላለ አገር የሚመከረው ይህ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ለሠራተኛው ሙሉ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት የዝናብ ሮቶውን ያስደፉት። ማባከን ይመስላል፤ አትክልቱን ያጠጡበት። ውሃው 30 ላይ ሲደርስ ቫልቩ መክፈቱን፣ 50 ላይ መዝጋቱን አጠገቡ ቆመው ይዩ። ከዚያ የማማውን ቱቦ ዘግተው ፓምፑን ያስነሡና 15 ላይ በራሱ ማቆሙን ይዩ። በመጨረሻም አራት ጣትዎን ገጥመው በቱቦውና በሪዱሰሩ መካከል ያስገቡ። እጅዎ ካልገባ ሥራው አላለቀም።

የኔ ሮቶ እንደገና ከተሠራ በኋላ መጀመሪያ የጠራው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ሰማዩ ጠርቶ፣ ብርዱ ገብቶ፣ ለሳምንታት ጠብታ አልነበረም። ማታ ግቢውን ልዘጋ ስወጣ "ጠቅ" የሚል ሰማሁ፤ ወዲያው ውሃ በሪዱሰሩ ውስጥ መውረድ ጀመረ። ባትሪ አብርቼ አየሁት። ከቱቦው አፍ ወጥቶ በአየሩ ላይ እንደ ጣት የወፈረ ሆኖ ይወርዳል፤ ዳር ዳሩ ደረቅ ነው። ጠዋት ስነሣ ዝም ብሏል። ክዳኑን ከፍቼ በዱላ ለካሁት፤ 50 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ በላይ ያለው የሮቶው ሆድ ባዶውን ነው፤ እሱ የበልጉ ነው።